ያላሳየሁሽ ወረቀት

ይድረስ ለታናሽ እህቴ ለሮክሳን፣ ቱሳን ላለሽው፤

እህት ዓለም፣ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ያ ወገብሽን ይዞሽ የነበረው ነገር ለቀቀሽ? ሌሊቱን ትተኛለሽ ወይስ እንደ እኔ ጣራ ጣራውን ስታዪ ይነጋል? ኤርኔስቶ ደኅና ነው? የልቡ ምት ተስተካከለለት? ልጅሽ ማሪሶልስ አዲሱን ሥራዋን ለመደችው? ሙቀቱ ጋብ ብሎልሽ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ብስክሌት መንዳት ጀመርሽ ወይስ አሁንም ከወፎቹ ቀድመሽ ነው የምትወጪው? እኛ ሁላችንም ደኅና ነን። እማማ ሰማንያ ስምንተኛ ዓመቷን ስትደፍን ጆሮዋ ደከመ እንጂ ምላሷ ምንም አልሆነም፤ ትናንት የሠራሁትን ሾርባ ቀምሳ «ይኼንን ለጠላቴ እንኳ አልሰጥም» አለችና ሁለተኛ ሳህን አስጨመረች። ዴልም ደኅና ነው፤ ሣሩን ለመጨረሻ ጊዜ አጭዶ ማጨጃውን ጋራዥ አስገብቷል። ቅጠሉ መርገፍ ጀምሯል፣ በረዶ ግን ገና አልጣለም።

በየእሑዱ በስልክ እየተገናኘን ምን ደብዳቤ ያስጽፋታል ብለሽ እንደምትገረሚ አውቃለሁ። ባለፈው እሑድ አንድ ነገር ለምነሽኝ ነበር። «እትዬ፣ በዚያን ቀን አንቺ ከአጠገቤ አልተለየሽም፤ ወረቀት የሚባል ነገር እንዳላየን፣ ማንም እንዳልጠራኝ ጻፊልኝና ፈርሚበት። ዳኞቹ ፊት የማቀርበው ሌላ ምስክር የለኝም» አልሽኝ። እኔም «ይኼማ ምን ችግር አለው» አልኩሽ። ይኸው ጽፌልሻለሁ፤ የጻፍኩት ግን የጠየቅሽኝን አይደለም። እባክሽ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። መሃል ላይ ስትደርሺ ቀዳደሽ ልትጥይው ያምርሽ ይሆናል። አደራ፣ እንዳታደርጊው፤ ስምሽን የሚመልስልሽ ይኼ ወረቀት ብቻ ነው።

በአንቺ መቅናቴን እንደ አዲስ ወሬ አልነግርሽም። ብስክሌት ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ፤ ከከብቶቹ ቤት ኋላ ኮርቻሽን ይዤ እየሮጥኩ። ከለቀቅኩሽ ቀን ጀምሮ ጀርባሽን እንጂ ፊትሽን አይቼ አላውቅም። እኔ አንድ ሳምንት ለፍቼ የወጣሁትን ዳገት አንቺ ማስቲካ እያኘክሽ ትወጪው ነበር። በሃያ አራት ዓመትሽ ኤርኔስቶን ተከትለሽ ወደ በረሃው ስትሄጂ ጣቢያው ላይ እንዴት እንዳለቀስኩ ታስታውሻለሽ? እማማ እስከ ዛሬ ታወራዋለች። የልቤን ልንገርሽና፣ ከዚያ እንባ ግማሹ የደስታ ነበር። አገሩ ለእኔ ቀረልኝ ብዬ ነው። ደግሞም ቀረልኝ፤ ሠላሳ ምናምን ዓመት በዚህ ወረዳ ውድድር ከእኔ ቀድማ አይብ ከሚሠሩበት ቤት ፊት ያለው ዳገት ላይ የደረሰች ሴት አልነበረችም።

እኛ አንጋፎች፣ በዕድሜ ምድብ የምንወዳደር ብስክሌተኞች፣ መቼም ጉደኞች ነን። ሌላው ሰው ስልሳ ሲሞላው መስተዋት ይሸሻል፤ እኛ ግን ልደታችንን እንደ ሠርግ ቀን እንጠብቃለን፣ ምክንያቱም ምድባችን በየአምስት ዓመቱ ይቀየራልና ከታችኛው ምድብ ትልቋ የነበረችው በላይኛው ምድብ ትንሿ ትሆናለች። እኔ ስልሳ ሲሞላኝ የክበባችን ሴቶች ኬክ ጋግረው «እንኳን ደኅና መጣሽ፣ ሕፃኗ» ብለው ጽፈውበት ነበር። ያን ዓመት የስልሳዎቹን ምድብ ጠራርጌ በላሁት። በዓመቱ ግን ሌላ ሕፃን መጣች፤ በሁለተኛው ዓመት ደግሞ ሌላ። እግሬ እየከዳኝ ሄደ። ካረጥኩ ወዲህ እንቅልፍ የለም፣ ጡንቻዬ ቢሠራ ቢሠራ አይጠነክርም፣ ክረምቱን ሙሉ ምድር ቤት ገትሬያት ስረግጣት የከረምኩት ብስክሌት በጸደይ ስወጣባት አታውቀኝም። ስልሳ አምስት ሞልቶኝ እንደገና ሕፃን እስክሆን ቀን እቆጥር ጀመር። ለማርጀት የምትጣደፍ ሴት አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ነበርኩ።

እንግዲህ ከማንም ደብቄ የያዝኩት እዚህ ላይ ነው። ከሁለት ክረምት በፊት አንድ ክሊኒክ ሄጄ ድካሜን ለሐኪሙ ነገርኩት። ደሜን መረመረና የሆርሞን ቅባት ሊያዝልኝ አሰበ፤ ያንን የወንዶቹን፣ ቴስቶስትሮን የሚሉትን። እርሳሱን አንስቶ «ስፖርት ትወዳደሪያለሽ እንዴ?» አለኝ። «ኧረ ምን ቆርጦኝ! የምነዳው እስከ ፖስታ ቤት ነው» አልኩት። ዓይን ዓይኑን እያየሁ፣ ቅባቱ ለተወዳዳሪ ክልክል መሆኑን እያወቅኩ ነው የዋሸሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው የአተር ፍሬ የምታክል ጭኔ ላይ እቀባለሁ። ዴል መጀመሪያ ላይ «ጢም አብቅለሽ ምላጬን እንዳትወስጂ» እያለ ይስቅብኝ ነበር፤ አንድ ቀን እውነትም አገጬ ላይ ፀጉር ሳገኝ ግን ቀልዱን ተወ። እማማም አንዴ በወፈረው ድምፄ ከጓዳ ስጣራ ሰምታኝ «ዴል፣ ምን ሆነህ ነው?» ብላኛለች። እግሬ ግን ተመለሰ። በሚቀጥለው በጋ ሦስት ውድድር አሸነፍኩ።

ጸጸት አልነበረኝም። የክበባችን ወሬ አቀባይ ፓም «በእኛ ዕድሜ ንጹሕ የሆነው ብስክሌታችን ብቻ ነው፤ እሱም ቅዳሜ ስለሚታጠብ ነው» ትላለች። ሁሉም የሆነ ነገር እንደሚቀባ፣ የሆነ ነገር እንደሚውጥ ራሴን አሳመንኩ። ሌባ እናት ልጇን አታምንም ሲባል አልሰማሽም? እኔማ ከዚያም ብሼ እህቴንም አላመንኩ።

ይኸው ባለፈው ማርች ደውለሽ «እትዬ፣ ስልሳ ገባሁልሽ! ሁለት ዓመት አንድ ምድብ ነን፤ በኦገስት ለሐይቆቹ የአንጋፎች ውድድር እመጣለሁ፣ አልጋ አንጥፊልኝ» ስትይኝ፣ «እልል!» ያልኩሽ በአፌ ነው። ስልኩን ዘግቼ ምድር ቤት ወረድኩና እስኪያልበኝ ሳይሆን እስኪያስታውከኝ ረገጥኩ። በሠላሳ ስድስት ዓመት ውስጥ የእኔ የነበረችውን አንዲት ዳገት ልትወስጂብኝ ነው አልኩ። የአተሯንም መጠን ትንሽ አተለቅኳት።

መጣሽ። አየር ማረፊያው በር ላይ ሳይሽ አንጀቴ ነው ያረረው። ስልሳ ዓመት የሞላት ሴት እንደዚያ ትሆናለች? ፊትሽ በፀሐይ ተጨማዶ አሮጊት መስለሽ ቢሆን ኖሮ ምን ያህል በወደድኩሽ። መጨማደዱንስ ተጨማዷል፤ ታዲያ ያምርብሻል። እራት ላይ ባቄላሽን ከድንች ጋር በቂጣ ጠቅልለሽ እየሳቅሽ ስትበይ እኔ የፕሮቲን ዱቄቴን እየበጠበጥኩ አይሽ ነበር። ገና በምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኛሽ። እኔ በሦስት ሰዓት ተኝቼ የማውቀው ሕፃን ሳለሁ ነው፤ የምድቡን ሕፃን ማለቴ አይደለም።

በማግስቱ ገላሽን ስትታጠቢ ሻንጣሽን ከፈትኩ። አዎ፣ እኔ ነኝ የከፈትኩት፤ «ካልሲዬን ማን አጠፈልኝ?» ያልሽው ለዚያ ነው። ከካልሲዎቹ ሥር አንዲት ትንሽ ጠርሙስ አገኘሁ። ጽሑፍ የላትም፣ በጨርቅ ተጠቅልላለች። ከፈትኳት። ወፍራም ቅባት ነው። ሮክሳን፣ ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ለማንም አልመኝም። «አገኘሁሽ!» አልኩ ጮክ ብዬ። ለካ አንቺም! ለካ ያ ሁሉ ሳቅ፣ ያ ሁሉ እንቅልፍ፣ ያ ሁሉ ዳገት ከጠርሙስ የተቀዳ ነው! የእኔ ሐኪም የሰጠኝ ለገበሬ ሴት የሚሆነውን እንደሆነ፣ አንቺ ደግሞ ከድንበር ማዶ የመጣ ረቀቅ ያለ ነገር እንዳለሽ አሰብኩ። ጠርሙሷን ኪሴ ከተትኳት።

ውድድሩን አንቺው ታውቂዋለሽ። የመጨረሻው ዙር ላይ አራት ነበርን፣ መኪና የማይነዱትን የአሚሾቹን ጋሪ አልፈን ስንታጠፍ ሦስት፣ የአይብ ቤቱ ዳገት ሥር ስንደርስ እኔና አንቺ ብቻ። ያለኝን ሁሉ አወጣሁ፤ ልቤ በጆሮዬ ሊወጣ ምንም አልቀረውም። በአንድ በኩል እኔ፣ በሌላ በኩል ሁለት ዓመት የተቀባሁት ቅባት፣ ሁለት ሆነን እየረገጥን ነው። አንቺ ታዲያ ከጎኔ ሆነሽ ፊትሽን ወደ እኔ መለስ አድርገሽ «እትዬ፣ በርቺ! ትንሽ ነው የቀረን!» አልሽኝ። ምነው ብትሰድቢኝ! ምነው ብትተፊብኝ! የምታበረታቺኝ ትንፋሽ ተርፎሽ ነው ማለት ነው። ከዚያ ተነሥተሽ ሄድሽ። አሥራ አንድ ሰከንድ። ከመስመሩ በኋላ አቅፈሽኝ «ደስ አይልም? ሁለታችንም!» ስትይኝ ሣሩ ላይ ልተፋ ጎንበስ አልኩ።

ሜዳሊያችንን እዚያው ሰጡን፤ አንቺ እግርሽን በረዶ ባልዲ ውስጥ ለመክተት ወደ መኪናው ሄድሽ። እኔ የሰዓት ዝርዝሩን ላይ ወደ አይብ ቤቱ ግድግዳ ሄድኩ። ከዝርዝሩ ጎን ሌላ ወረቀት ተለጥፏል። «ለአበረታች መድኃኒት ምርመራ የሚፈለጉ» ይላል፤ ከሥሩ ሦስት ቁጥር አለ። ሁለቱ የወንዶች ናቸው። ሦስተኛው 317 ነው። ያንቺ ቁጥር። እዚህ እንደዚያ ነው የሚደረገው፤ ወረቀቱን ይለጥፋሉ፣ ሄዶ ማየት የተወዳዳሪው ግዴታ ነው፣ በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ ድንኳኑ ያልደረሰ እምቢ እንዳለ ይቆጠራል። እናንተ ዘንድ ሰው ልከው እንደሚጠሯችሁ አውቅ ነበር። በድምፅ ማጉያውም አንዴ ጠርተውሽ ነበር፤ የአኮርዲዮኑ ባንድ ፖልካውን ሲያቀልጠው ማን ይስማ?

ወረቀቱ ፊት ቆሜ ምን እንዳሰብኩ ልንገርሽ። መጀመሪያ «ተያዘች!» አልኩ። ቀጥሎ «ምስኪን፣ ላድናት» አልኩ። ዋሽቼ አይደለም፣ ለአፍታ እውነቴን ነበር፤ ሽንትሽን ከሰጠሽ የጠርሙሷ ነገር ይወጣል፣ ካልሰጠሽ ግን «ሳላውቅ ሄድኩ» ማለት ትችያለሽ ብዬ አሰብኩ። ከሁለቱም በታች ግን ሌላ ነገር ነበር፤ እሱን ነው ዛሬ የምጽፍልሽ። አንደኛዋ ከተሰረዘች አንደኛ የምትሆነው ሁለተኛዋ ናት። ይኼንን ለማስላት አንድ ትንፋሽ እንኳ አልፈጀብኝም።

ዘወር ስል ከድንኳኑ የመጣች አንዲት ወፍራም ሴትዮ፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ወረቀቷን ይዛ «ይቅርታ፣ 317ን አይተሻታል?» አለችኝ። «አይ፣ አሁን መኪናዋን አስነሥታ ስትወጣ አየኋት» አልኳት። አንቺ ከእኛ ሃምሳ ሜትር ርቀት ላይ እግርሽን ባልዲ ውስጥ ነክረሽ ሙዝ ትልጪ ነበር። ሴትዮዋ «አይ እነዚህ ሰዎች!» ብላ ራሷን ነቅንቃ ሄደች። እኔም መጥቼ «ቶሎ በይ፣ እማማ እሸት በቆሎ ቀቅላ ትጠብቀናለች» አልኩሽ። «ቆይ ውጤቱን ልየው እንጂ» አልሽ። «እኔ አይቼልሽ የለም? አንደኛ ነሽ። ሌላ ምን ልታዪ ነው?» አልኩሽ። ሳቅሽ፤ ጫማሽን እንኳ ሳታጠልቂ ገባሽ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብዳቤው ሲደርስሽ፣ አራት ዓመት መታገድሽን፣ ስምሽን ከአበረታች መድኃኒት ተጠቃሚዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብተው ድረ ገጹ ላይ መለጠፋቸውን እያለቀስሽ ነገርሽኝ። ቀጥሎ የምታሠለጥኚውን የትምህርት ቤቱን የሴቶች ልጆች ቡድን «ጉዳይሽ እስኪጣራ» ብለው ቀሙሽ። ይኼ ነው ሆዴን የበላኝ፤ ዋንጫ ሳይሆን እነዚያ ልጆች ናቸው የሚያስለቅሱሽ። እኔ ምን አልኩሽ? «አይዞሽ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አልኩሽ። አፈር ልብላ! እንዳይነጋ መጋረጃውን ይዤ የቆምኩት እኔው ነኝ።

የአሸናፊዋ ማልያ በፖስታ ወደ እኔ መጣ። መስተዋት ፊት ለብሼ ጀርባዬን፣ ጎኔን እያየሁ ቆየሁ። ለክበባችን የቅዳሜ ጉዞም ለብሼው ወጣሁ። ማንም ደኅና አድርጎ አላየኝም፤ ፓም ብቻ «እህትሽ እንዲያ ትሆናለች ብዬ አላስብም ነበር» አለችኝ። «እኔም» አልኳት። ቃሌ ይኸው ነበር፤ «እኔም»። የሰው ወርቅ አያደምቅ ማለት ለካ ይኼ ነው።

አሁን ደግሞ የምትስቂበት ክፍል መጥቷል። ልትስቂ ትችያለሽ፣ ይገባኛልም። ያቺን ጠርሙስ አልጣልኳትም። የራሴን ቅባት መሳቢያ ውስጥ ወርውሬ ያንቺን መቀባት ጀመርኩ። ሮክሳን የምትቀባው ይሻላል ብዬ ነዋ! በየማለዳው ጭኔን፣ ባቴን፣ አንዳንዴም ትከሻዬን እቀባለሁ። ዴል «ምነው ሰሞኑን እንደ ሻማ ትሸቻለሽ?» ቢለኝ «ዝም በል፣ የቱሳን ነው» አልኩት። አታምኚኝም፣ እግሬ በረረ! በሦስተኛው ሳምንት የአይብ ቤቱን ዳገት ከሁለት ዓመት ወዲህ ወጥቼው በማላውቀው ፍጥነት ወጣሁት። ዳገቱ አናት ላይ ቆሜ «ተመልከቱ፣ ምስጢሯ ይኼ ነበር» ብዬ ብቻዬን ፎከርኩ።

ባለፈው እሑድ ምስክርነቱን ከለመንሽኝ በኋላ ስልኩን ልትዘጊ ስትይ «እግረ መንገድሽን፣ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ እናንተ ቤት ረስቼ እንደሆን እዪልኝ፤ የኤርኔስቶ አክስት ከንብ ሰም የምትሠራልኝ የኮርቻ ቅባት ናት። እሷን ካጣሁ ወዲህ ቂጤ ተላልጦ አለቀ» አልሽኝ።

አንቺ «እትዬ? እትዬ አለሽ?» ትያለሽ። «አለሁ፣ እፈልግልሻለሁ» ብዬ ዘጋሁት። ምድር ቤት ወርጄ የብስክሌቴ ጎማ ላይ ተደግፌ ሳቅኩ፤ ሳቁ አልቆ ማልቀስ ሲጀምረኝ ደግሞ ማቆም አቃተኝ። የቂጥ ቅባት! የቂጥ ቅባት ትከሻዬ ላይ እየለቀለቅኩ ነው አንቺን ሌባ ያልኩሽ። ያን ዳገት ባቄላና ድንች በልተሽ፣ ተኝተሽ ተነሥተሽ፣ በራስሽ እግር ነው የወጣሽው። በዚያ ሰዓት ያዘነልሽ ይመስልሻል ልቤ? የለም። መጀመሪያ የተሰማኝ እንደገና ቅናት ነው፤ ከበፊቱም የባሰ። ጠርሙስ አለሽ ብዬ ሳምን እኩል ነበርን።

አራት ቀን እህል አልበላሁም። ትናንት እራት ላይ ለዴል ሁሉንም ነገርኩት። ሹካውን አስቀመጠና «እኔ ባልሽ ነኝ፣ ዳኛሽ አይደለሁም። ግን ሮክሳን ለእኔም እህቴ ናት» አለኝ። ዛሬ ጠዋት ሳልጠራው የመኪናውን ቁልፍ ይዞ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ባንክ ሄደን እዚያ ባለችው ሰነድ አረጋጋጭ ፊት ፈረምኩ።

እንግዲህ ምስክርነቴ ይኸውልሽ፤ ለዳኞቹም ቃል በቃል ይኼንኑ ነው የጻፍኩት። ሮክሳን ወረቀቱን አላየችም። ጥሪውንም አልሰማችም። ወረቀቱን ያየሁት እኔ ነኝ። መርማሪዋ ስትጠይቀኝ እህቴ እዚያው እያለች «ሄዳለች» ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ውጤቱን አያለሁ ስትል የከለከልኳትና መኪና ውስጥ ያስገባኋት እኔ ነኝ። እኔ ራሴ ለውድድር የተከለከለውን ቅባት ከሁለት ክረምት በፊት ጀምሬ እስከዚያ ቀን ድረስ ተቀብቻለሁ፤ ክሊኒኩ የሰጠኝን የሐኪም ወረቀትም አብሬ አያይዣለሁ። የምትከራከሪበት ቀን ኖቬምበር ሰባት እንደሆነ ስለማውቅ የእነሱን በፈጣኑ መልእክት ካንቺ በፊት ልኬዋለሁ። ያንቺን ቀድሜ ብልክ ኖሮ አንቺ በደግነትሽ «ተይው እትዬ» ትይኝ ነበር፤ እኔም እተወው ነበር። ራሴን አውቀዋለሁ።

ምን እንደሚመጣብኝ ፓም እስክታወራው አልጠብቅም፤ የሦስቱንም ድል ይሰርዛሉ፣ ያግዱኛል፣ ስሜን ያንቺ ስም የነበረበት ቦታ ላይ ይለጥፉታል። ይለጥፉት። የሚያንገበግበኝ እሱ አይደለም። አንድ ምድብ የምንሆንባቸው ሁለት ዓመታት ነበሩን፤ የሚቀጥለው ዓመት ላንቺ ይመለስልሽ ይሆናል፣ እኔ ግን አልኖርበትም። ከእገዳው ስመለስ አንቺ በታችኛው፣ እኔ በላይኛው ምድብ ነን። ዕድሜያችንን ሙሉ እኩል የተሰለፍነው አንድ ቀን ብቻ ነው ማለት ነው፤ እሱንም እኔ ብቻዬን ሆኜ አልተሰለፍኩትም። በሰም ተቀብቼ ዳገቱን እንዲያ ከወጣሁት፣ ምናልባት ያ ሁሉ የክሊኒክ ቅባት ባይኖርም እወጣው ነበር። ምናልባትም አልወጣውም። ከእንግዲህ የማውቅበት መንገድ የለም።

ይቅር በይኝ ብዬ አለምንሽም፤ ገና ነው። ቅናቴ ለቆኝ የጻፍኩ እንዳይመስልሽ፤ ይኸው እየጻፍኩም እየቀናሁብሽ ነው። እስከ ዛሬ ያሸነፍሽው እኔን ብቻ ይመስልሽ ነበር። አሁን ግን እኔንም መድኃኒቱንም በባዶ እግርሽ እንዳሸነፍሽ በገዛ እጄ ጽፌ ሰጠሁሽ። ከጻፍኩት ሁሉ የከበደኝ ውሸቴን መናዘዙ ሳይሆን ይኼ ነው።

ኤርኔስቶን ሰላም በይልኝ፤ የልቡን መድኃኒት ሳያቋርጥ ይውሰድ። ለማሪሶል አክስትሽ ምን እንዳደረገች ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰሚ ብለሽ አንቺው ንገሪያት፤ ጉንጯንም ሳሚልኝ። የኤርኔስቶን አክስት ስለ ቅባቷ አመስግኚልኝ፤ የተረፈውን አሽጌ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። የቡድንሽን ልጆች አላውቃቸውም፣ ሲመልሱልሽ ግን ሰላም በያቸው። እማማ ሳመችሽ፤ ገና ምንም አልነገርኳትም፣ እሑድ ጮክ ብዬ ጆሮዋ ላይ እነግራታለሁ። ዴል እጅ ይነሳል። እሑድ በተለመደው ሰዓት ስልኩ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ ባትደውዪም አልቀየምሽም።

ታላቅ እህትሽ
ግዌን

ቪሮኳ፣ ዊስኮንሲን
ዓርብ፣ ኦክቶበር 11 ቀን 2024